ሁለት ጊዜ የተበላ አደራ፦ የናውሩ ሪፐብሊክ ጉዳይ

ስለ ናውሩ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በድንገት የበለጸገች ትንሽ ደሴት፣ የገንዘብ አያያዝ ያላወቀ ሕዝብ፣ በመጨረሻም ድህነት። አተራረኩ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን የጉዳዩን ግማሽ ይሸሽጋል። የናውሩ ሀብት በናውሩ መሪዎች እጅ ከመባከኑ በፊት ለስድሳ ዓመታት በባዕዳን እጅ በርካሽ ተጭኗል። ከነፃነት በኋላም ለልጅ ልጅ የተቀመጠው ገንዘብ የጠፋው፣ ገንዘቡን እንዲጠብቁ የተሾሙትና ወጪውን የሚያዙት ሰዎች እነዚያው ስለነበሩ ነው። ይህ ጽሑፍ አደራው ሁለት ጊዜ እንዴት እንደተበላ ይመረምራል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምድሩና ሰዉ

ናውሩ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ብቻዋን የተቀመጠች ደሴት ናት። የቅርብ ጎረቤቷ የኪሪባቲ ግዛት የሆነችው ባናባ ስትሆን፣ እርሷም በስተምሥራቅ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የናውሩ ስፋት 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የዳርቻውን መንገድ ይዞ ደሴቲቱን በመኪና ለመዞር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሕዝቧ 12,000 ገደማ ነው። በሕግ የተሰየመ ዋና ከተማ የላትም፤ ፓርላማው የሚገኘው ያረን በተባለው ወረዳ ነው። ወንዝ የላትም፤ የሚጠጣው ውሃ ከጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብና ጨዉ የተጣራ የባሕር ውሃ ነው።

ሰዉ የሚኖረው ደሴቲቱን እንደ መቀነት በከበበው ጠባብ የዳርቻ መሬት ላይ ነው። ኮኮናቱና ፓንዳነሱ የሚበቅሉት እዚያ ነው። ከዳርቻው ወደ ውስጥ ሲኬድ የኮራል ገደል ይነሣል፤ ከገደሉ በላይ ነዋሪዎቹ ቶፕሳይድ የሚሉት አምባ አለ። ከአምባው ዝቅ ብሎ በቡዋዳ አነስተኛ ሐይቅና ጥቂት ለም መሬት ይገኛል።

የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ቶፕሳይድ ነው። ፎስፌቱ የተቀመጠው በኮራል ድንጋይ ዓምዶች መካከል፣ ጉድጓዱንና ስንጥቁን ሁሉ ሞልቶ ነበር። ቆፋሪዎች መጀመሪያ በላዩ የበቀለውን ዛፍና አፈር ጠርገው ያነሣሉ፤ ከዚያ በክሬን በተንጠለጠለ ባለመንጋጋ ባልዲ ፎስፌቱን ከዓምዶቹ መካከል እየዘገኑ ያወጣሉ። ማዕድኑ ሲያልቅ ዓምዶቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። አንዳንዶቹ እስከ 15 ሜትር ይቆማሉ፤ ግራጫ፣ ሹልና ስለታም ናቸው። በመካከላቸው ሰው እንደልቡ አይራመድም፣ ከብት አይሰማራም፣ ቤት አይሠራም፣ የሚታረስ አፈርም የለም። ከደሴቲቱ መሬት ሰማንያ በመቶ ያህሉ ዛሬ በቁፋሮ የተጎዳ ነው። ይህን መጠን በሐሳብ ለመያዝ አንድ አገር አምስት እጅ ሆኖ አራቱ እጅ ከጥቅም ውጭ ሲሆን ማየት ነው።

የናውሩ ተወላጆች በአሥራ ሁለት ጎሳዎች ይቆጠራሉ፤ ልጅ የሚከተለው የእናቱን ጎሳ ነው። በሰንደቅ ዓላማቸው ላይ ያለው ኮከብ አሥራ ሁለት ጫፎች ያሉትም ለዚህ ነው። መሬት የመንግሥት አይደለም፤ የቤተሰብ ርስት ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወርዳል። በውርስ ብዛት አንዱ ቁራሽ መሬት የብዙ ሰዎች የጋራ ይሆናል። የፎስፌት ክፍያ ሲመጣም መጀመሪያ የተጠየቀው ጥያቄ «የማን መሬት ነው?» የሚለው ነበር።

የመጀመሪያው አደራ

እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ጆን ፈርን በ1798 በአጠገቧ ሲያልፍ ባየው ልምላሜ ተደስቶ «ያማረች ደሴት» ብሎ ሰየማት። በ1888 ጀርመን የቅኝ ግዛቷ አካል አደረገቻት። ዕጣዋን የወሰነው ግን በሲድኒ ከተማ በአንድ የንግድ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ የነበረ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ከናውሩ ያመጣው የኩባንያው ሰው ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት መስሎት ነበር፤ ቢሮው ውስጥም የበር መደገፊያ ሆኖ ያገለግል ነበር። በ1899 አልበርት ኤሊስ የተባለ ሠራተኛ ድንጋዩን ጠርጥሮ አስመረመረው። ውጤቱ እጅግ ጥራት ያለው ፎስፌት ሆኖ ተገኘ። ፎስፌት ምን እንደሚሠራ ለኢትዮጵያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በዳፕ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ያለው ዋናው ነገር እርሱ ነው። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ አፈር ደግሞ ፎስፎረስ የሚያንሰው ነበር።

የመጀመሪያው ጭነት በ1907 ወጣ። ባለመሬቶቹ ለአንድ ቶን የሚከፈላቸው ግማሽ ፔኒ ነበር። በ1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደተነሣ፣ የአውስትራሊያ ወታደሮች ደሴቲቱን ከጀርመን ያዙ። በ1919 ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ እርስ በርሳቸው ተዋውለው የብሪታንያ ፎስፌት ኮሚሽነሮች የሚባል ድርጅት አቋቋሙ፤ ብሪታንያና አውስትራሊያ እያንዳንዳቸው 42 በመቶ፣ ኒውዚላንድ 16 በመቶ ሊደርሳቸው ተስማሙ። የመንግሥታት ማኅበር ደሴቲቱን በሞግዚትነት የሰጣቸው ከዚህ ስምምነት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ መጀመሪያ ማዕድኑን ተከፋፈሉ፣ ቀጥሎ «የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ» የሚለውን የማኅበሩን ቃል ኪዳን ተቀበሉ። ፎስፌቱ ለራሳቸው ገበሬዎች የሚሸጠው ከዓለም ገበያ ዋጋ በታች ነበር። ልዩነቱን የከፈለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጣው በዚህ ላይ ነው። ጃፓን በነሐሴ 1942 ደሴቲቱን ያዘችና 1,200 የሚሆኑ ናውሩዎችን በግዳጅ ሥራ ቹክ ወደሚባሉት ደሴቶች አጋዘች። ጃፓናውያኑ በ1943 ሰላሳ ዘጠኝ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በጀልባ አሳፍረው ባሕር ላይ ገደሏቸው። ከቹክ በሕይወት የተመለሱት 737 ናቸው፤ ወደ አገራቸው የገቡት ጥር 31 ቀን 1946 ነበር። ናውሩ ነፃነቷን ያወጀችው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በዚሁ ዕለት ነው፤ ቀኑ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሞግዚትነቱ በተባበሩት መንግሥታት ስም ቀጠለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ፎስፌቱ ማለቁ እንደማይቀር ሲታወቅ፣ የአውስትራሊያ መንግሥት አንድ መፍትሔ አቀረበ፤ ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ በኩዊንስላንድ አጠገብ ባለችው ከርቲስ ደሴት ላይ ይስፈር የሚል። ናውሩዎች ሐሳቡን አጥንተው በ1964 እምቢ አሉ። በከርቲስ የአውስትራሊያ ዜጋ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የራሳቸው መንግሥት ግን አይኖራቸውም ነበር። የእምቢታው መሪ ሃመር ዴሮበርት ይባላል፤ ከቹክ ግዞት ከተመለሱት አንዱ ነው። ይህን ውሳኔ ዛሬ ላይ ሆነው «ሳይሻላቸው አይቀርም ነበር» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ሕዝብ እንደ ዕቃ ከቦታ ቦታ የሚዛወርበትን ሐሳብ አንዴ በጃፓን እጅ ያየ ሰው፣ ለሁለተኛ ጊዜ በፈቃዱ ይቀበለዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

በ1967 ናውሩዎች የማዕድኑን ሥራ በ21 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመግዛት ተስማሙ። ጥር 31 ቀን 1968 ነፃ ሆኑ፤ ዴሮበርትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያ ጊዜ ከደሴቲቱ ሲሶው ተቆፍሮ አልቆ ነበር።

ሁለተኛው አደራ

አዲሲቱ አገር ብልህ ሕግ ጽፋ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ፎስፌቱ ሲያልቅ የሚያገለግል የረጅም ጊዜ ፈንድ እንዲኖር ያዛል። የናውሩ ፎስፌት ሮያልቲ ትረስት የሚባለው ተቋምም ከማዕድኑ ገቢ የተወሰነውን እየወሰደ ለመሬት ባለቤቶች፣ ለመሬቱ ማገገሚያና ለመጪው ትውልድ እንዲያስቀምጥ ተቋቋመ። በ1970ዎቹ የፎስፌት ዋጋ ሲተኮስ ናውሩ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ተሰለፈች። የገቢ ግብር አልነበረም። ሕክምናና ትምህርት ነፃ ነበሩ፤ በደሴቲቱ ያልተገኘ ሕክምና አውስትራሊያ ድረስ በመንግሥት ወጪ ይሰጥ ነበር። የማዕድኑን ከባድ ሥራ የሚሠሩት ከኪሪባቲ፣ ከቱቫሉና ከቻይና የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ገንዘቡ ወደ ውጭ ወጥቶ ሕንፃ ገዛ። በ1977 በሜልቦርን የተጠናቀቀው ባለ 52 ፎቅ ናውሩ ሐውስ በጊዜው የከተማዋ ረጅሙ ሕንፃ ነበር። በፓስፊክ ደሴቶችና በአውስትራሊያ ሆቴሎች ተገዙ። ኤር ናውሩ ለጥቂት ሺህ ሕዝብ በርካታ ቦይንግ ጄቶችን አሰልፎ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው እስከ ጃፓንና ሆንግ ኮንግ ይበር ነበር። በ1993 በለንደን ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሕይወት በተሠራ ሙዚቃዊ ትያትር ላይ የሕዝብ ገንዘብ ፈሰሰ፤ ትያትሩ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ተዘጋ። ይህ የመጨረሻው ታሪክ የዓለም ጋዜጦች መሳለቂያ ሆኖ ስለቀረ ብዙ ሰው ናውሩን የጣላት እርሱ ይመስለዋል። ከጠቅላላው ኪሳራ አንጻር ግን ትያትሩ ኢምንት ነው።

አገሪቱን የጣላት የየዓመቱ በጀት ነው። መንግሥት ከሚያስገባው በላይ ያወጣል፤ ጉድለቱን በብድር ይሞላል፤ ለብድሩ መያዣ የሚሆነው ደግሞ የትረስቱ ንብረት ነው። ትረስቱን የሚመሩትን የሚሾመው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ማለት ደግሞ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት መቀመጫ ካለው ፓርላማ የወጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። የትረስቱ ሂሳብ ለሕዝብ በግልጽ አይቀርብም ነበር። ጥሩ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፈንዱ ቀስ በቀስ ለዕለት ወጪ ተበላ፤ ገበሬ ዘሩን እንደሚበላው ማለት ነው።

የአስተዳደሩን አሠራር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በናውሩ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ፓርላማው ነው። የጎላ የፖለቲካ ፓርቲ ስለሌለ አብላጫው የሚሠራው በዝምድናና በግል ስምምነት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ጎራ ከለወጡ መንግሥት ይወድቃል። የምርጫው ስልት ራሱ ከ1971 ጀምሮ የተለየ ነው፤ መራጩ ዕጩዎቹን ሁሉ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ አንደኛው ሙሉ ነጥብ፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶ እያለ ይወርዳል። ስልቱ ብልሃት አለው፤ አንድ ዕጩ የራሱ ዘመዶች ብቻ ቢመርጡት አይበቃውም፣ የሌሎቹም ሁለተኛ ምርጫ መሆን ይጠቅመዋል። የመተማመኛ ድምፅ ፖለቲካን ግን አላስቀረም። በርናርድ ዶዊዮጎ ሰባት ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆኖ በመጋቢት 2003 በሥልጣን ላይ እያለ ዋሽንግተን ውስጥ ሞተ፤ ከ1999 ጀምሮ እርሱና ሬኔ ሃሪስ እየተፈራረቁ ወንበሩን ይዘው ነበር። በየጥቂት ወሩ የሚፈርስ መንግሥት የደመወዝ ቅነሳ አይደፍርም፤ ብድር ይቀለዋል።

ሄግ ላይ የተገኘው ድል

በዚህ ሁሉ መካከል ናውሩ አንድ ትልቅ ነገር አድርጋለች። በግንቦት 1989 አውስትራሊያን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ከነፃነት በፊት የተቆፈረውን መሬት ሞግዚቶቹ መልሰው ማልማት ነበረባቸው ብላ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ክስ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬይቱ ናሚቢያ፣ ጉዳይ ከሰው ነበር፤ እርሱም በሞግዚትነት አደራ ላይ የተነሣ ሙግት ነው። በሐምሌ 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ፕሬዚዳንቱ ፐርሲ ስፔንደር አውስትራሊያዊ ነበሩ። አዲስ አበባ በዚያ ውሳኔ ምን ያህል እንዳዘነች የዘመኑ ሰዎች ያስታውሳሉ።

በሰኔ 1992 ውጤቱ ሌላ ሆነ። አውስትራሊያ ብሪታንያና ኒውዚላንድ በሌሉበት እኔ ብቻዬን ልጠየቅ አይገባም ብላ ተከራከረች፤ ፍርድ ቤቱ በዘጠኝ ድምፅ ለአራት መቃወሚያዋን ጥሎ ክሱ እንዲታይ ፈቀደ። ዋናው ክርክር ሳይደርስ አውስትራሊያ በነሐሴ 1993 ታረቀች፤ 57 ሚሊዮን በጥሬው፣ 50 ሚሊዮን ደግሞ በሃያ ዓመት ተከፋፍሎ፣ በድምሩ 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ልትከፍል። ብሪታንያና ኒውዚላንድ ለአውስትራሊያ እያንዳንዳቸው 12 ሚሊዮን አዋጡ። የአሥር ሺህ ሰው አገር ይህን ማሸነፏ ሊደነቅ ይገባል። መሬቱ ግን ዛሬም በአብዛኛው እንደተቆፈረ ነው።

ሉዓላዊነት ለገበያ

ፎስፌቱ ሲመናመን የቀረው የሚሸጥ ዕቃ አገር መሆን ራሱ ነበር። በ1990ዎቹ ናውሩ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ የሚታወቁ አራት መቶ ያህል ባንኮችን መዘገበች። የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ በ1998 ብቻ 70 ቢሊዮን ዶላር በእነርሱ በኩል እንደወጣ ገለጸ። በ2000 ሕገወጥ ገንዘብን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ስሟን በጥቁር መዝገብ አሰፈረ፤ የወጣችው በ2005 ነው። የቻይናና የታይዋን ፉክክርም ገቢ ሆነ፤ በ2002 ቤይጂንግን፣ በ2005 ታይፔን፣ በጥር 2024 እንደገና ቤይጂንግን ዕውቅና ሰጠች።

ውድቀቱ የተፈጸመው በ2004 አበዳሪዎች የትረስቱን ንብረት ሲረከቡ ነው። ናውሩ ሐውስ ተሸጠ። በታኅሣሥ 2005 የአየር መንገዱ ብቸኛ አውሮፕላን በዕዳ ተያዘ። የናውሩ ባንክ ባዶ ስለነበር ቆጣቢው የራሱን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ለወራት ያለ ደመወዝ ቆየ። ከ2006 ጀምሮ የኪሪባቲና የቱቫሉ ሠራተኞች ወደየአገራቸው ተመለሱ። በብልጽግናው ዘመን የገባው የቆርቆሮ ሥጋ፣ ሩዝና ስኳር ያስከተለው በሽታ ግን አብሮ አልሄደም፤ ገና በ1970ዎቹ በተደረገ ምርመራ ከአዋቂዎቹ ሲሶ ገደማ የስኳር ሕመም ተገኝቶባቸው ነበር። እርሻው በዓምዶች ተተክቶ ምግብ ሁሉ በመርከብ የሚመጣበት ሕዝብ ስለ አመጋገቡ ሲወቀስ መስማት ያሳዝናል።

ከ2001 ጀምሮ የመጣው ገቢ ደግሞ ከሁሉም የከበደው ነው። ታምፓ የተባለችው የኖርዌይ መርከብ በአብዛኛው አፍጋናውያን የሆኑ 433 ሰዎችን ከመስጠም ባዳነች ጊዜ አውስትራሊያ አላስገባም አለች፤ ናውሩ ገንዘብ ተቀብላ ብዙዎቹን አስጠለለች። ካምፑ በ2008 ተዘግቶ በ2012 ተከፈተ። ሕፃናት ጭምር ለዓመታት ዕጣቸው ሳይታወቅ ኖሩበት። የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ የነበረው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በጥቅምት 2018 ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ። ናውሩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ካምፑን የፈለገው፣ የከፈለለትና ከራሱ ሕዝብ ዓይን ያራቀው ግን የቀድሞው ሞግዚት ነው። በነሐሴ 2025 ደግሞ አውስትራሊያ ከአገሯ ልታስወጣቸው የምትፈልጋቸውን ሰዎች ናውሩ እንድትቀበል 408 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በቅድሚያ፣ ከዚያም በየዓመቱ 70 ሚሊዮን ገደማ ለመክፈል ተስማማች።

የተማረችው ነገር

ሁለት ነገሮች በተስፋ ይታያሉ። የመጀመሪያው ቱና ዓሣ ነው። በ1982 ናውሩ ውስጥ የተፈረመው ስምምነት ስምንት የፓስፊክ አገሮችን አስተባብሯል። ከ2007 ጀምሮ የውጭ መርከቦች የማጥመጃ ቀን እየገዙ ነው የሚያጠምዱት፤ የአንድ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ 8,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። ቀኑ በኮታ የተገደበ ስለሆነ ዓሣውም አይራቆትም። ፎስፌቱን ብቻዋን ስትሸጥ ያልነበራትን የመደራደር አቅም ናውሩ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና አግኝታዋለች።

ሁለተኛው በ2015 የተቋቋመው የትውልዶች ትረስት ፈንድ ነው። ናውሩ፣ አውስትራሊያ፣ ታይዋንና የእስያ ልማት ባንክ አዋጥተውበታል፤ ኒውዚላንድም ተጨምራለች። የሚመራው አዋጪዎቹ በተወከሉበት ኮሚቴ ነው፤ የናውሩ ካቢኔ ብቻውን ተሰብስቦ ሊያወጣው አይችልም። የባዕዳን ፊርማ ለሉዓላዊ አገር ውርደት ነው የሚሉ አሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። የመጀመሪያው ፈንድ ግን በናውሩ ፊርማ ብቻ ነበር ያለቀው። ኮሚቴው ሊሻሻል የሚችለው የውጭዎቹን በማስወጣት ሳይሆን፣ ከፓርላማው ውጭ ያሉ ናውሩዎችን፣ በተለይ ባለመሬቶችን፣ በማስገባት ይመስለኛል።

የአሁኑ ፈተና ያው ቶፕሳይድ ነው። ባሕሩ ከፍ እያለ የዳርቻውን መሬት ስለሚያሰጋ፣ በፕሬዚዳንት ዴቪድ አዲያንግ የሚመራው መንግሥት አብዛኛውን ሕዝብ ወደ አምባው የማዛወር ዕቅድ አለው። ለዚህ በየካቲት 2025 ዜግነትን መሸጥ ጀመረ፤ የመነሻ ዋጋው ያን ጊዜ 105,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ናውሩ ፓስፖርት ስትሸጥ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ የ1990ዎቹ ሽያጭ የቆመው በአሜሪካ ግፊት ነበር። በሌላ በኩል መንግሥት ከውቅያኖስ ወለል ማዕድን ለማውጣት ከሚፈልግ የውጭ ኩባንያ ጋር ይሠራል፤ በ2021 የዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ደንቡን በሁለት ዓመት እንዲጨርስ የጠየቀችው ናውሩ ናት።

አምባው ላይ ቤት ከመሠራቱ በፊት ዓምዶቹ ተሰባብረው መደልደል፣ አፈርና ውሃ መምጣት፣ በአንድ ቁራሽ ርስት ላይ ስማቸው ያለ ወራሾችም መስማማት አለባቸው። ሥራው ዓመታትን የሚወስድ ስለሆነ የዜግነቱ ሽያጭ ገቢም ለዓመታት ተጠብቆ መቆየት ይኖርበታል። በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ሂሳቡ በናውሩ ቋንቋ ለየወረዳው ካልቀረበ፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ መቀመጫ ያለው ፓርላማ የ1990ዎቹን በጀት የሚደግምበት መንገድ ክፍት ነው።